ስም ጥሪ በቡና መጋዘን

በጡረታ መሸኛዬ ዕለት በእኔ ቦታ የምትተካው ወጣት ሻይ እየቀዳችልኝ፣ «እትዬ ነፊሳ፣ በሥራ ዘመንዎ ፋይል ጠፍቶብዎት ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ልታጫውተኝ ብላ ነው። በሪከርድ ክፍል ፋይል ጠፋብኝ የሚል ሰው የለም፤ «ከቦታው ተንቀሳቅሷል» ነው የሚባለው። እኔ ግን «አንድ ሙሉ ትምህርት ቤት ጠፍቶብኝ ያውቃል» አልኳት። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በማግስቱ ጠዋት የምሄድበት ቢሮ ሳይኖር አልጋዬ ላይ ቁጭ ስል፣ ያ መልስ ቀልድ እንዳልነበረ ለልጅቷ ሳልነግራት መውጣቴ ቆጨኝ። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው።

የተወለድኩት ጅማ፣ ሂርማታ መርካቶ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በሱቃችን በረንዳ ላይ ኦሮምኛና አማርኛ የቱ የቱ እንደሆነ ሳልለይ ነው አፌን የፈታሁት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ታይፕ ተማርኩና አጋሮ ተቀጠርኩ። የመጀመሪያ አለቃዬ ያገለገለ ካርቦን ወረቀት ለብርሃን ገልጦ እያየ «ይህ ገና ይሠራል» የሚል ሰው ነበር፤ ከእሱ ቁጠባ ተማርኩ። ከዚያ ሊሙ ገነት ተዛወርኩ። የዚያ አለቃዬ ደግሞ የቀረበለትን ሁሉ ሳያነብ ይፈርማል፤ ከእሱም የተማርኩት ይህንኑ መፍራት ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለእናቴ ለምልክላት ትንሽ ነገር ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። በአራተኛው ዓመት ዕድገት አግኝቼ ከደዴሳ ወንዝ ማዶ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሪከርድ ሠራተኛ ሆንኩ።

ሪከርድ ለማያውቀው ሰው አቧራ ነው። ለሚያውቀው ግን እንዲህ ነው፦ አንድ ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ወፍራም ካርድ ይከፈትለታል። ስሙ ከነአያቱ ይጻፋል፤ ከዚያ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት የውጤት ዓምድ አለ። በየዓመቱ መጨረሻ የክፍሉ ኃላፊ መምህር ሮስተር ይሠራል፤ የክፍሉን ተማሪዎች ሁሉ ውጤት የያዘ ትልቅ ሉህ ማለት ነው። እኔ ከዚያ ላይ ወደ ካርዱ እገለብጣለሁ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ፣ ሥራ ቢቀጠር፣ ሌላ ከተማ ቢዛወር፣ የሚከተለው ከዚያ ካርድ የተቀዳ ወረቀት ነው። ካርዱ ከሌለ «ተምሬያለሁ» ቢልም ያለው አፉ ብቻ ነው።

ዳይሬክተራችን አቶ መኮንን ዱፌራ ይባላሉ። ሁላችንም ጋሽ መኮንን ነው የምንላቸው። የሒሳብ መምህር የነበሩ፣ ረዥም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ከደረት ኪሳቸው እርሳስና ላጲስ አይጠፋም። ስለ ተማሪ የሚወሰን ነገር ሲመጣ ቆመው አይወስኑም። ወንበር ይስቡና ልጁን ያስቀምጡታል፣ እሳቸውም ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ስሙን ከነአያቱ ይጠይቁታል። ቢያውቁትም ይጠይቁታል። «ሰው የአያቱን ስም ሲጠራ ትንሽ ይረጋጋል» ይሉ ነበር። ውሳኔውን ደግሞ መጀመሪያ በእርሳስ ያስጽፉኛል። «በእርሳስ ጻፊው። ሳናፍርበት ካደርን ነገ በቀለም ታደርጊዋለሽ።» በችኮላ በቀለም ከጻፍኩ ቅር ይላቸዋል። ጨርሶ ሳልጽፍ ከተውኩት ግን የበለጠ ቅር ይላቸዋል። «ያልተጻፈ ነገር አይታረምም፣ ነፊሳ» ይሉኝ ነበር። ያን ጊዜ የአነጋገር ለዛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ጦርነቱ ወደ እኛ አካባቢ ደረሰ። ስለ ጦርነቱ የማውቀው ትንሽ ነው፤ የተኩሱን ድምፅና የመንገዱን ጭቃ። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው፣ ጠዋት ልጆቹ ተሰልፈው ሳለ መድፍ ተሰማ። እስከ እኩለ ቀን ከተማው ግማሹ መንገድ ላይ ነበር። ጋሽ መኮንን ወደ ቢሮዬ መጥተው «ማኅተሙን ያዢ» አሉኝ። «ካርዶቹስ?» አልኩ። ሳጥኖቹን አዩ፣ ደጅ የቆሙትን ልጆች አዩ። «የሚሸከም ትከሻ የለንም። ልጆቹን እንሸከም» አሉ። በሳምንት እንመለሳለን ብዬ ቢሮውን ቆልፌ ቁልፉን ይዤ ወጣሁ። በኋላ እንደሰማነው ሕንጻው ወታደር ሰፈረበት፣ ከዚያም ተቃጠለ። ማን እንዳቃጠለው የነገረኝ ሁሉ የተለያየ ስም ነው የነገረኝ።

ደዴሳን በእግር ተሻግረን በጭነት መኪና በበደሌ በኩል ጅማ ገባን። ልጆቹ ግማሹ በዘመድ ቤት፣ ግማሹ በቀበሌ አዳራሽ ተጠጉ። በየትምህርት ቤቱ ተከፋፍለው እንዳይገቡ ማስረጃ የላቸውም። ያለ ማስረጃ የሚቀበላቸው የለም። ጋሽ መኮንን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደጅ ጠንተው፣ ትምህርት ቤቱ እንዳለ ተዛውሮ እንዲሠራ ፈቃድ አገኙ። የዓመቱ ፈተና ስላልተሰጠ ልጆቹ በነበሩበት ክፍል ይቀጥላሉ ተባለ፤ ፈቃዱ ላይ ግን «ቦታ ካገኙ» የሚል ቃል ነበረበት።

ቦታውን ያገኘነው ሰርቦ ነው። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሊቀመንበር አባ ፎጊ ይባላሉ፤ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ንግግር የማያበዙ ሰው። የማኅበሩን የቡና መጋዘን ከፍተው አሳዩን። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ያለፈው ዓመት ቡና ሽታ።

«አሁን ባዶ ነው» አሉ አባ ፎጊ። «ቡናው ሲደርስ ግን ባለቤቱ ቡናው ነው። ኅዳር ሲጋመስ ከነገለባው የደረቀው ጀንፈል ይገባል። ገበሬውን የዓመት ላብህን ዝናብ ላይ አፍስስ ልለው አልችልም።»

«እስከዚያ የራሳችንን እንሠራለን» አሉ ጋሽ መኮንን።

«በምን?»

«በጭቃ።»

አባ ፎጊ «ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። «ጭቃው ከአላህ ነው። እንጨቱን እኛ እናያለን።»

መጋዘን አገኘን፤ መምህራኑም ልጆቹም አሉ። የጎደለው እኔ የቆለፍኩበት ነው። ማን ስንተኛ ክፍል እንደነበረ፣ ማን እንዳለፈ፣ ማን እንደወደቀ የሚናገር አንድ ሉህ የለንም። ለሁለት ቀን ባዶ ደብተር ፊት ለፊቴ ዘርግቼ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። በሦስተኛው ቀን ጋሽ መኮንን መጡና «ልጆቹ ቁጥራቸውን አይረሱም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ተማሪ በስም ጥሪ ሰዓት በየቀኑ የሚጠራበትን ተራ ቁጥር እንደ ገዛ ስሙ ነው የሚያውቀው። ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት ልጆቹን ሁሉ ሰበሰብን። በመጋዘኑ ወለል ላይ ለየክፍሉ አንድ አንድ ረድፍ በኖራ አሰመርኩ። ጆንያ ተነጠፈ። «እያንዳንዳችሁ በቁጥራችሁ ተቀመጡ» አልን። ትንሽ ሳቅ፣ ትንሽ ግፊያ ሆነና ረድፎቹ ሞሉ።

አልሞሉም። በየመሃሉ ክፍተት ነበር። አሥር አለ፣ አሥራ አንድ አለ፣ አሥራ ሁለት የለም፣ አሥራ ሦስት አለ። በክፍተቱ ግራና ቀኝ የተቀመጡትን እጠይቃለሁ፤ «አሥራ ሁለት ማን ነበር?» አንዱ «ታምሩ ነው፤ ነቀምት አጎቱ ዘንድ ቀረ» ይላል። አንዷ «እሷማ አገባች» ትላለች። አንዳንዱ ስሙን ብቻ ይነግረኝና መሬት መሬቱን ያያል፤ እዚያ ላይ አልጠየቅኩም። ጋሽ መኮንን በክፍተቱ ላይ ሌላ ልጅ እንዳይቀመጥ ከለከሉ።

ከዚያ ውጤቱን ጀመርን። አንዳንዱ ኪሱ ውስጥ ዝናብ የመታው ሪፖርት ካርድ ይዞ ወጥቷል፤ ቀለሙ ቢፈስም በብርሃን ሲታይ ይነበባል። አንዳንዱ መምህር የማርክ ደብተሩን ከልብሱ ጋር ጠቅልሎ አምጥቷል። የቀረውን በአፍ ነው። ልጆቹ አልዋሹም አልልም። ነገር ግን በረድፍ የተቀመጠ ሰው ብዙ መዋሸት አይችልም፤ አንዱ «ፊዚክስ ሰማንያ» ሲል ከጎኑ ያለውን ሳል ይይዘዋል። አንድ ደንብ አወጣን። ቁጥር ወይም ወረቀት፣ አንድ መምህር፣ አንድ የክፍል ጓደኛ። ከሦስቱ ሁለቱ ካልተገኙ በዝርዝሩ አይገባም። ሁሉንም በእርሳስ ጻፍኩ፣ ሲያድር በቀለም አደረግኩ። እስከ መስከረም መጨረሻ ከሞላ ጎደል ትምህርት ቤቱን መልሼ ጻፍኩት። በሥራ ዘመኔ ያን ያህል የኮራሁበት ጊዜ የለም፤ ኩራቱም የራሱን ጣጣ አመጣ።

ያን ጊዜ ብሔራዊ ውትድርና ነበር። ወጣት ወንድ መታወቂያ ሳይኖረው መንገድ ላይ ከተገኘ ይወሰዳል፤ የተማሪ መታወቂያ የያዘ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይታለፋል። ስለዚህ በሕይወቱ እኛ ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠ ሁሉ «ተማሪያችሁ ነኝ» እያለ መምጣት ጀመረ። አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ ዝርዝሬን ገልብጦ አየና በእርጋታ እንዲህ አለኝ፦ «ሥራሽ ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድ የውሸት ስም ከተገኘ የአሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹ ዝርዝር በሙሉ ለፈተና አይቀርብም። ይህን እወቂው።» ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከላይ የተባለውን ነው ያለኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት አስመሳዮች መጡ፤ ሦስቱንም በጥያቄ አዋክቤ መለስኳቸው። ሦስቱም ላይ ትክክል ነበርኩ። ያበላሸኝም ይኸው ነው።

ጥቅምት ውስጥ ጋሽ መኮንን የፈተናውን ዝርዝር ይዘው አዲስ አበባ ሄዱ። እኛ ከመጋዘኑ በላይ ባለው ተረተር ላይ ክፍሎቹን እየሠራን ነበር። ገበሬዎቹ የባሕር ዛፍ አጣና አቁመውልን ሄደዋል፤ ልጆቹ ጭድ እየነሰነሱ ጭቃውን በእግራቸው ያቦካሉ፤ መምህራኑ ይመርጋሉ። የባትሪ ድንጋይ ሰባብረን ጥቁሩን ዱቄት በውሃ በጥብጠን ጣውላ እንቀባለን፤ ጥቁር ሰሌዳችን እሱ ነው።

አንድ ረቡዕ ቀን አንድ ወጣት መጣ። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። የአንድ እግሩን ጫማ በገመድ አስሮታል። ስሙ ለሜሳ ቶላ እንደሆነ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል እንደነበረ ነገረኝ።

«ቁጥርህ ስንት ነው?»

«ቁጥር አልተሰጠኝም፣ እትዬ። ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሬ የመጣሁት ሚያዝያ ላይ ነው። መልቀቂያዬ ገና አልደረሰም ነበር። ጋሽ መኮንን መልቀቂያው እስኪመጣ ገብተህ ተማር ብለውኝ ነው።»

የጋሽ መኮንንን ስም የማይጠራ አልነበረም፤ አስመሳዮቹም ጠርተዋል። የሒሳብ መምህሩን አስጠራሁ። እጁ ላይ ያለውን ጭቃ እየጠረገ መጥቶ ልጁን አየው። «ፊቱን የማውቀው ይመስለኛል» አለ። «ማል ብትዪኝ ግን አልምልም።»

«ከክፍል ጓደኞችህ ማን ያውቅሃል?» አልኩት።

«ታከለ። አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። ጅማ መርካቶ ቡና እየተሸከመ ነው ብለውኛል።»

ታከለን በስም አውቀዋለሁ፤ በአሥራ አንደኛ ክፍል ረድፍ ላይ ከክፍተቶቹ አንዱ ነው። «እንግዲያው ታከለን አምጣው፤ ያኔ እመዘግብሃለሁ» አልኩት።

አልሄደም። «መንገድ ላይ ቢጠይቁኝስ?» አለ። «አንዲት ቁራጭ ወረቀት ብቻ። ምስክር ሊያመጣ ሄዷል የምትል።»

«ያልተመዘገበ ሰው ወረቀት አልሰጥም።»

ማኅተሙ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። እንዲቀመጥ እንኳ አልነገርኩትም፤ ሲያናግረኝ ሁሉ እንደቆመ ነበር። «እሺ፣ እትዬ» ብሎ ወጣ። ሐሙስ፣ የጅማ ገበያ ቀን፣ ጠዋት ሄደ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ታከለ ብቻውን መጣ። የሚሸከምበትን ጆንያ ትከሻው ላይ እንዳደረገ ነው። በሩ ላይ ቆሞ «እትዬ ነፊሳ፣ ምስክር ልሆን መጣሁ» አለኝ።

«ለሜሳስ?»

«ትናንት አገኘኝ። አብረን ልንመጣ ወደ መናኸሪያው ስንሄድ ለውትድርና የሚያፍሱት ከበቡን። እኔ የተሸካሚዎች ማኅበር መታወቂያ ነበረኝ። እሱ ምንም አልነበረውም።» ጆንያውን አወረደና «አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። ልጁ ተማሪ ነው» አለ፤ ምስክርነቱን መስጠቱ ነው።

መታወቂያውን በዚያው ደቂቃ ጻፍኩ። ማኅተሙን ቸኩዬ ስመታ ተድበሰበሰ፤ ሌላ ጻፍኩ። አባ ፎጊን ለመንኳቸው፤ ጋቢያቸውን ደርበው ምንም ሳይጠይቁ ተከተሉኝ። በቡና መኪና ጅማ ደረስን፤ ከከተማው ዳር የታፈሱት ልጆች ወደሚሰበሰቡበት ቦታ ሄድን። ዘበኛው መታወቂያውን ተቀብሎ በደንብ አነበበው፣ መልሶም በትሕትና ሰጠኝ።

«ጠዋት ተጭነው ሄደዋል» አለ። «ወረቀቱ ደህና ወረቀት ነው። ትናንት ቢሆን ኖሮ ይሠራ ነበር።»

በመልስ መንገድ አባ ፎጊ አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገሩት። «አላህ ያውቃል» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለልጁ አልገባኝም።

ጋሽ መኮንን ቅዳሜ ተመለሱ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወረቀት መጠየቁንም መከልከሌንም። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ወንበር ሳቡና አስቀመጡኝ፣ እሳቸውም ተቀመጡ። ከዚያ «ስምሽ ማን ነው?» አሉኝ።

«ጋሽ መኮንን...»

«ከነአያትሽ።»

«ነፊሳ ሱልጣን አባ ዋጂ» አልኩ፣ እንባዬ መጣ።

እስክጨርስ ጠበቁኝ። «ልጁን አውቀዋለሁ» አሉ። «ገብተህ ተማር ያልኩት እኔ ነኝ። ለአንቺ ሳልነግርሽ የረሳሁትም እኔ ነኝ። ሸክሙ የሁለታችን ነው። አሁን ጻፊው።»

«የት ልጻፈው?»

«ከአሥራ አንደኛ ክፍል ዝርዝር መጨረሻ። ቁጥር ስጪው።»

ደብዳቤ ጻፍን፤ ለዚህኛው ጽሕፈት ቤት፣ ለዚያኛው ካምፕ። መልስ አልመጣም። ኅዳር ሲጋመስ፣ ጭቃው በደንብ ሳይደርቅ፣ ወደ አዲሶቹ ክፍሎች ገባን። እኛ ጠረጴዛ ይዘን ስንወጣ ገበሬው ጀንፈሉን በአህያ ጭኖ ይገባ ነበር፤ በር ላይ ተላለፍን። በአሥራ አንደኛ ክፍል በየጠዋቱ ስም ሲጠራ የመጨረሻው ስም ለሜሳ ቶላ ነበር። በደንቡ ያን ያህል ቀን የቀረ ተማሪ ይሰረዛል። ጋሽ መኮንን አላሰረዙትም። ወደ ትምህርቱ የተመለሰው ታከለ በየቀኑ «የለም» ብሎ ይመልሳል።

የቀረውን ቶሎ ልናገረውና ልለፈው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹ ዝርዝር አለፈ፤ ልጆቹ ተፈተኑ፣ አንዳንዶቹም ዩኒቨርሲቲ ገቡ። መንግሥት ሲለወጥ ትምህርት ቤቱ ደዴሳን መልሶ ተሻገረ። ጋሽ መኮንን አብረው ሄዱ፤ እዚያው ጡረታ ወጡ፣ እዚያው ተቀበሩ። የጭቃ ክፍሎቹን የአካባቢው ልጆች ተማሩባቸው። እኔ ጅማ ቀረሁ፤ ከቢሮ ቢሮ እየተዛወርኩ እስከ ጡረታዬ ሪከርድ ላይ ሠራሁ። ከዚያ በኋላ ማንንም «ሂድና ማስረጃ አምጣ» ብዬ በባዶ እጁ ሸኝቼ አላውቅም። ቢያንስ «ማስረጃ ሊያመጣ ሄዷል» የምትል ወረቀት ሳልጽፍለት አልለቅም። አለቆቼ ወረቀት ታበዣለሽ ይሉኝ ነበር። ለሜሳ አልተመለሰም። ሞተ የሚል ወረቀትም አልመጣም።

ግን አባቱ መጥተዋል። በእኔ ቦታ የተተካችው ልጅ ማወቅ ያለባት ይህን ነው።

ለሜሳ በተወሰደበት ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው። ጠዋት ቢሮዬ ደጃፍ ላይ ቆሜ አንድ ሽማግሌ ሰው ከዘራ ይዘው ተረተሩን ሲወጡ አየሁ። የአሥራ አንደኛ ክፍል መስኮት መስታወት የለውም፤ ስም ጥሪው ውጭ ድረስ ይሰማል። ሽማግሌው መስኮቱ አጠገብ ሲደርሱ መምህሩ «ለሜሳ ቶላ» ብሎ ተጣራ። ሰውየው ቀጥ ብለው ቆሙ። ፊታቸው ላይ የታየውን ደስታ እንዴት ብዬ ልናገረው። ሮጬ ልደርስ ሞከርኩ፤ አልደረስኩም። ታከለ «የለም» አለ።

አጠገባቸው ስደርስ ፈገግታቸው ገና አልጠፋም ነበር። እዚህ በአማርኛ ብጽፈውም የተነጋገርነው በኦሮምኛ ነው። «የልጄን ስም ጠሩ» አሉኝ። «ዛሬ አሞት ነው የቀረው?»

ወደ ቢሮ አስገባኋቸው፣ ወንበር ሰጠኋቸው፣ እኔም ተቀመጥኩ። ነገርኳቸው። ገበያው ላይ ስደርስ አቋረጡኝ።

«ገበያ ማን ላከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ወረቀት ጠይቆሽ ነበር?»

«ጠይቆኝ ነበር።»

«ከለከልሽው።»

«ከለከልኩት፣ አባባ።»

ተነስተው ወጡ። በመስኮቱ አያቸዋለሁ፤ ግቢው ውስጥ ያለ ዋርካ ሥር ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። አንድ ክፍለ ጊዜ አለቀ፣ ሌላው ተጀመረ። እንደቆሙ ናቸው። መጥተው ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር። በኋላ ተመልሰው ገቡና እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ስለ እሱ የጻፍሽው ነገር አለ?»

በስሙ የከፈትኩትን ካርድ አወጣሁ። አያነቡም፤ ጣታቸውን ብቻ ላዩ ላይ አሳለፉ። «ምን ይላል?»

«ስሙን ነው የሚለው። ሌላው ባዶ ነው።»

«ለምን ባዶ ሆነ?»

«የሚነግረኝ አጥቼ።»

«እኔ አለሁ» አሉ። «በየዓመቱ ካርዱን ይዞልኝ ይመጣና ያነብልኝ ነበር። ጻፊ።»

ከአንደኛ ክፍል ጀመሩ። የእኔ ካርድ ከዘጠነኛ ክፍል ነው የሚጀምረው፤ አላቋረጥኳቸውም፣ በካርዱ ጀርባ ጻፍኩት። አንደኛ ክፍል ስድስተኛ ወጣ፤ ያን ዓመት ወባ ይዞት ነበር። ሁለተኛ ክፍል ሦስተኛ። አራተኛ ክፍል መምህሩ በሰው ፊት አጨበጨበለት። ስምንተኛ ክፍል አንደኛ። ዘጠነኛ አራተኛ፤ ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛው በዛበት። አሥረኛ ሁለተኛ፤ ጫማ የገዛሁለት ያን ጊዜ ነው አሉ። እኔ እጽፋለሁ፤ እሳቸው ብዕሬ እስኪቆም እየጠበቁ ይቀጥላሉ።

ሲጨርሱ «አንብቢልኝ» አሉኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«አንደኛ ነው ያልኩሽ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ሁለተኛ ነው» አሉ። «አንደኛ የወጣችው የጎረቤታችን ልጅ ናት። እሱ ውሸት አይወድም፤ አርሚው።»

አረምኩትና እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩላቸው።